በእጅ በእጅ የመጣ ሆት ዶግ

ባለፈው ሰመር ነው። ቤዝቦል ስታዲየም ውስጥ ከጎኔ አንድ አሜሪካዊ ሽማግሌ ከልጅ ልጃቸው ጋር ተቀምጠዋል። ልጁ ኦቾሎኒ አማረው። ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው አዟሪውን ጠሩና ከኪሳቸው ሃያ ዶላር መዘው ወደ እኔ ዘረጉት። ምንም አላሉኝም። ዓይናቸው ሜዳው ላይ ነው። እኔም ምንም ሳልል ተቀብዬ ቀኜ ላለችው ሴትዮ ላቀብል ስል፣ አዟሪው ደረጃው ላይ እንደቆመ እጁን አወናጨፈ። «ካርድ ብቻ ነው!»

ሽማግሌው ካርድ አልያዙም። ሃያ ዶላሯ እጄ ላይ ቀረች። መለስኩላቸው፣ አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቷት። እኔ በስልኬ ከፈልኩና ኦቾሎኒው መጣ። ብሩን ካልወሰድክ ብለው ሲታገሉኝ፣ እኔ እምቢ ስል፣ በመጨረሻ ልጁ ግማሹን ኦቾሎኒ ጭኔ ላይ ዘርግፎ ገላገለን።

ነገሩ ይኸው ነው። የተበደለ የለም፣ የተራበ የለም። ግን ወደ ትራኬ ስመለስም፣ በማግስቱ ስነዳም፣ ከዚያ ወዲህም ያቺ ሃያ ዶላር ከሐሳቤ አልወጣ አለች። ለምን እንደሆነ ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ አለብኝ።

ስንቅ አለ፣ ሰው የለም

ትራክ ነጂ ነኝ። ቤቴ ሜሪላንድ ነው፤ ውሎዬና አዳሬ ግን መንገድ ላይ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራ ሐበሻ በየስቴቱ ስላለ ኑሮውን መተረክ አያስፈልገኝም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። በስምንት ቀን ውስጥ 70 ሰዓት ከሠራን በኋላ፣ 34 ሰዓት በተከታታይ ካረፍን ሰዓታችን እንደ አዲስ ይጀምራል። ሪሴት የምንለው እሱን ነው። ሪሴቱ የት እንደሚጥልህ አታውቅም። አንዳንዴ ዴንቨር ነው፣ አንዳንዴ ሚልዋኪ፣ አንዳንዴ ስሙን ሰምተህ የማታውቀው ከተማ ዳር ያለ ትራክ ስቶፕ።

ምግብ አይቸግረኝም። ፍሪጄ ውስጥ እንጀራ አለ፣ ሽሮ አለ። ድርቆሽና በሶ ከመቀመጫዬ ኋላ አይጠፋም። ባለቤቴ ስንቅ ስትቋጥር የሚበላው አንድ ሰው መሆኑን ትረሳዋለች። የሚቸግረኝ አብሮኝ የሚበላ ሰው ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። ፍርፍሩን መሪው ላይ አስደግፌ ስበላ አንዳንድ ቀን አልወርድ ይለኛል። ሬስቶራንት ስትገባ ደግሞ አስተናጋጇ መጀመሪያ የምትጠይቅህ ስንት ሰው ናችሁ ብላ ነው። አንድ ነኝ ስትላት ዞር ዞር ብላ ጥግ ትፈልግልሃለች። ክፋት የላትም፣ ሥራዋ ነው። ግን ስሜቱ አለ።

ስታዲየም መግባት የጀመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። ቤዝቦልን አላውቀውም ነበር። ኳስ ስንል ያደግነው ሌላ ኳስ ነው። ግን እዚያ ሁሉም ሰው ፊቱን ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሮ፣ ምግቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ነው የሚበላው። ጠረጴዛ የለም። ስንት ሰው ናችሁ የሚልህ የለም። ጨዋታው ዝግ ያለ ነው፣ በየመሃሉ ፋታ አለው፤ ከጎንህ ካለው ሰው ጋር እየበላህ ብታወራ የሚያመልጥህ ብዙ አይደለም። ሕጉን ሳልረዳ በፊት ወንበሩን ወደድኩት። ኋላ ጨዋታውንም ወደድኩት፣ እሱ ሌላ ጊዜ።

ምን አለበት?

ሐበሻ ቋሊማ ሲያይ የሚጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል። ምን አለበት? ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብዛኛው አሳማ አይነካም። ስታዲየም ውስጥ ደግሞ ሁሉም ነገር በዳቦ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣ። ስለዚህ ከተማ ስቀይር መጀመሪያ የማጠናው የቋሊማውን ጉዳይ ነው።

ቺካጎ ለእኛ ይመቻል። የቺካጎ ሆት ዶግ የበሬ ሥጋ ነው። ቪየና ቢፍ የሚባለው የከተማው ስመ ጥር ቋሊማ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1893 በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ ነው። የፖፒ ዘር የተነሰነሰበት ዳቦ፣ ሰናፍጭ፣ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ የኮመጠጠ ኪያር፣ ደቃቅ ቃሪያ፣ ከላይ የሰለሪ ጨው። ኬቻፕ የለም። ብትጠይቅ የምር ይቆጣሉ። አንድ ጊዜ ሪሴቴ ፍልሰታ ላይ ዋለና ሪግሊ ፊልድ የቀን ጨዋታ ገባሁ። ስወጣ የጾም ሰዓቱ አልፏል። ከስታዲየሙ ውጭ ያለ ሻጭ ጋ ሄጄ ያለ ቋሊማው ሥራልኝ አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። አልሳቀም፣ ለምን አላለኝም። ኪያሩን ሁለት አደረገው፣ ቲማቲሙን ደራረበው፣ ቃሪያውን ጨመረ፣ ጨውን በጥንቃቄ ነሰነሰ፣ እንደ ሙሉ ሆት ዶግ አሳምሮ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከእሱ ወዲህ ቺካጎን የሚያማልኝ ሰው ካለ እከራከራለሁ።

ዲሲ ላይ ያለው ሃፍ ስሞክ የሚባለው ቋሊማ አሳማ አለበት። ቤንስ ቺሊ ቦል በ1958 ዩ ስትሪት ላይ ተከፍቶ ስሙን ያስጠራበት ምግብ ነው፣ ዛሬ ናሽናልስ ፓርክ ስታዲየም ውስጥም ይሸጣል፤ እኔ ሽታውን ብቻ ነው የማውቀው። ሲያትል ደግሞ ከ2017 ጀምሮ የተጠበሰ ፌንጣ ይሸጣሉ። መጥምቁ ዮሐንስ ከበላው እኔ ምን ቤት ነኝ ብዬ ቀምሻለሁ፤ ቃሪያና ሎሚው ደህና ነው።

ሚልዋኪ ላይ ጉዳዩ ይከብዳል። ጀርመኖች በብዛት የሰፈሩበት ከተማ ነው፣ ቋሊማው ብራትዉርስት ነው፣ እሱም በአብዛኛው አሳማ። እዚያ ሰዉ ከጨዋታው በፊት ፓርኪንጉ ላይ ከሰል አቀጣጥሎ ጠብሶ እየበላ ነው ቀኑን የሚጀምረው። በመሃላቸው ሳልፍ አንድ ሰው ጠራኝ። ና ብላ አለኝ። አሳማ አልበላም አልኩት። እሺ አለና ከበረዶ ሳጥኑ በቆሎ አወጣ። ብረቱ ላይ ሊያስቀምጠው ሲል አየት አደረገኝ፣ ቆም አለና ፎይል ቀዶ ከስሩ አነጠፈለት። የአሳማው ስብ እንዳይነካው ነው። አልነገርኩትም እኮ። ራሱ አስቦ ነው። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባላል፤ ያ በቆሎ ጨው ሳይኖረው ጣመኝ።

ካንሳስ ሲቲ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጊዜው አዟሪዎች ካሽ የሚቀበሉበት ጊዜ ነው።

ካንሳስ ሲቲ ሪሴት ላይ ነበርኩ። ጠዋት ኡበር ይዤ 18ኛውና ቫይን የሚባለው ሰፈር ሄድኩ። የኔግሮ ሊግስ ቤዝቦል ሙዚየም እዚያ ነው። ጥቁሮች ከነጮች ጋር መጫወት በተከለከሉበት ዘመን የራሳቸውን ሊግ ያቋቋሙት እዚሁ አካባቢ፣ ፓሴዮ ጎዳና ላይ በነበረው ዋይ ኤም ሲ ኤ (ወወክማ) ውስጥ፣ በ1920 ነው። የከተማው ቡድን ሞናርክስ ይባል ነበር። ጃኪ ሮቢንሰን በ1945 ለእነሱ ተጫውቶ ነው በ1947 የነጮቹን ሊግ በር የሰበረው።

ስለ ጨዋታው ብዙ ነገር አለ። እኔን ያሰረኝ ግን የመንገዱ ታሪክ ነው። አውቶብሱ። ከከተማ ከተማ ሌሊቱን ይጓዛሉ። ብዙ ሬስቶራንት አያስገባቸውም፣ ብዙ ሆቴል አያሳድራቸውም። የሚሸጥላቸው ከተገኘ ምግቡን በጓሮ በር ተቀብለው አውቶብሱ ውስጥ ይበላሉ። ካልተገኘ ከሱቅ የገዙትን ቀማምሰው ይተኛሉ። ቀን ላይ ሺህ ሰው ትኬት ገዝቶ ያያቸዋል፣ ማታ ቁጭ ብለው የሚበሉበት ጠረጴዛ የለም። መንገድ ላይ ለሚበላ ሰው ይህን ቆሞ ማንበብ ቀላል አይደለም። እኔ ትራኬ ውስጥ የምበላው በሩ ተዘግቶብኝ አይደለም። እነሱ ሊከፍሉ ገንዘቡን በእጃቸው ይዘው ነው የተመለሱት።

ከዚያ ወጥቼ ብሩክሊን ጎዳና ላይ ወዳለው አርተር ብራያንት ባርቤኪው ቤት በእግሬ ሄድኩ። ወረፋ ይዘህ መስኮት ላይ ታዛለህ። ሰውየው ሥጋውን ዘግኖ ነጭ ዳቦ ላይ ይቆልልልሃል። ሶሱ ቀይ ነው፣ ስኳር ስኳር አይልም፣ ሆምጣጤና ፓፕሪካ የበዛበት ነው፣ ምላስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። ሞናርክስ ይጫወቱበት የነበረው ሙኒሲፓል ስታዲየም እዚያው ጎዳና ላይ ወረድ ብሎ ነበር፣ በ1976 ፈረሰ። ቁጭ ብዬ በላሁ። ቁጭ ብዬ የምለው አውቄ ነው።

ማታ ካውፍማን ስታዲየም ገባሁ። ከኢንተርስቴት 70 ሃይዌይ ላይ የሚታይ ነው፣ ጭኜ ስንት ጊዜ አልፌዋለሁ። ከሜዳው ባሻገር ፏፏቴ አለው፣ ሲመሽ ያምራል። ትኬቴ ረድፉ መሃል ላይ ጣለኝ። ግራዬ አንድ ጎልማሳ ነጭ ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። ገበሬ መሰለኝ። መዳፉ ሰፊ ነው፣ ማጅራቱ ፀሐይ የበላው።

ሳጥን አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ሱቅ በደረቴ ከሩቅ እየጮኸ ወረደ። ጎረቤቴ ሁለት ጣቱን አነሳ። ሃያ ዶላር አወጣና ለእኔ ሰጠኝ። ለሚቀጥለው አቀበልኩ። ብሩ በስንት ሰው እጅ እያለፈ ደረጃው ጋ ደረሰ። ከዚያ ሁለቱ ሆት ዶግ በመጣበት መንገድ ተመለሱ፣ በእጅ በእጅ። እኔ ጋ ሲደርስ የፎይሉ ጫፍ ተገልጦ የዳቦው አፍ ይታያል። ሙቀቱ መዳፌ ላይ ተሰማኝ። አውራ ጣቴ ከዳቦው የአንድ ጥፍር ያህል ነው የሚርቀው። አቀበልኩት። ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝ። ወዲያው ገመጠው። ቀጥሎ መልሱ መጣ፣ የተጨማደዱ አንዳንድ ዶላሮች። ሳይቆጥር ኪሱ ከተተ። ለሻጩም ከዚያው ላይ ጉርሻ መልሶ ላከ፣ እሱም በእኛው እጅ ሄደ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብላ ያሳደገችኝ እናት ይህን ብታይ ምን ትል ይሆን ብዬ አሰብኩ። ሒሳብ ማቀባበልስ እናውቃለን፤ አዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሒሳቡን በሰው ልኮ መልሱን በሰው ይቀበላል። ምግብ ግን? እኛ ምግብን ከማያውቁት ሰው ዓይን እንኳ የምንሸፍን ሰዎች ነን። ነጠላ ይጋረድበታል። የሰው ዓይን ያረፈበት ጉርሻ ያንቃል ይባላል። እዚህ ምግቡ በሙሉ ረድፍ ዓይንና እጅ አልፎ መጣ፣ ሰውየውም በላው።

የተሰበሩት ሳህኖች

ያን ቀን ነገሩን ከሙዚየሙ ጋር አላያያዝኩትም። በኋላ ነው። በየትራክ ስቶፑ ስለነዚያ ተጫዋቾች ማንበብ ጀመርኩ፣ እናም ሃንክ አሮን ጋ ደረስኩ። በኋላ 755 ሆምረን፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያሳልፈውን ምት፣ የመታው እሱ ነው። በ1952 ገና 18 ዓመቱ ሳለ ኢንዲያናፖሊስ ክላውንስ በሚባል የጥቁሮች ቡድን ውስጥ ነበር። ዋሽንግተን ዲሲ መጡ። ዝናብ ያዛቸው። እስኪያባራ ድረስ ከግሪፊዝ ስታዲየም ጀርባ ያለ ሬስቶራንት ገብተው ቁርስ በሉ። በልተው ሲጨርሱ ከወጥ ቤቱ የሳህን ስባሪ ድምፅ ይሰማ ጀመር። እነሱ የበሉበትን ሳህን ነው የሚሰብሩት። አሮን ይህን ከብዙ ዓመት በኋላ ሕይወቱን ሲተርክ አነሳው። ውሻ በልቶበት ቢሆን ኖሮ አጥበው ይጠቀሙበት ነበር ብሏል።

ግሪፊዝ ስታዲየም የት እንደነበር ፈለግሁ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው። በ1965 ፈርሶ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ቆሞበታል። ትራክ ከመያዜ በፊት ዲሲ ታክሲ ነድቻለሁ። በዚያ ሆስፒታል በር ስንቱን አውርጃለሁ፣ ስንቱን ጭኛለሁ። 9ኛው መንገድ ላይ ያሉት የሐበሻ ቤቶች ከዚያ በእግር የሚደረሱ ናቸው። አንድ ትሪ ዙሪያ አምስት ስድስት እጅ የሚገባበት፣ አንዱ ለሌላው የሚያጎርስበት ሰፈር። እዚያው አፍንጫ ሥር፣ እናቴ በተወለደችበት ዘመን፣ ሰው የበላበት ሳህን ይሰበር ነበር። ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት ተመላለስኩ።

የካንሳስ ሲቲው ሆት ዶግ የዞረብኝ ያኔ ነው። የእኔን አውራ ጣት አሰብኩ። የሰውየውን አፍ አሰብኩ። አያቱ በሕይወት ቢኖሩና ከጎኑ ቢቀመጡ ያንን ሆት ዶግ ይበሉት ነበር? አላውቅም። እሱ ራሱ ስለ እኔ ዓይነት ሰው ምን እንደሚያስብም አላውቅም፤ ስለ ምርጫ ብናወራ ምናልባት ላንግባባ እንችል ነበር። አንድ ሆት ዶግ የአገር ቁስል ያሽራል የሚል የዋህነት የለኝም። ግን አላሰበበትም። እጄን አይቶ አላመነታም። በ1952 አንድ ወጥ ቤት ሳህን ያስሰበረው ነገር፣ ያን ማታ ያ ረድፍ ላይ ሐሳብ ሆኖ እንኳ አልመጣም።

ስለ እኛም ማሰቤ አልቀረም። ማዕድ አንድ ያደርጋል እያልን የምንመካውን ያህል፣ ማዕድ የነፈግነው ሰው አለ። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ቆዳ ፋቂውን ቡዳ ብለን ከገበታችን ያራቅን ሰዎች ነን። ከፋ ውስጥ ማንጆ የሚባሉት ወገኖች ከሌላው ጋር በአንድ ዕቃ እንዳይበሉ ሲደረግ ኖሯል። ሳህን መስበር የአሜሪካ ብቻ ፈጠራ አይደለም። ያ ከሰው ዓይን ምግብ የሚጋርድ ነጠላ ማንን ለመጋረድ እንደነበር ልጅ ሆኜ ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ እጠይቃለሁ፤ ደስ የሚል መልስም አላገኘሁለትም።

ካርድ ማን ያቀብላል?

እንግዲህ የባለፈው ሰመር ሃያ ዶላር ለምን እንደከነከነኝ ገባችሁ።

በ2019 የታምፓ ቤይ ቡድን ስታዲየም፣ ትሮፒካና ፊልድ፣ በሰሜን አሜሪካ ካሽ የማይቀበል የመጀመሪያው የስፖርት ስታዲየም ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ኮቪድ መጣ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ዛሬ አብዛኞቹ ጋ ካርድ ወይም ስልክ ነው። ካሽ ይዞ ለሚመጣ ሰው ማሽን ይቆማል፤ ብርህን ይውጥና ካርድ ይሰጥሃል። አዟሪው ማንበቢያውን ይዞ እስከ ረድፉ ጫፍ ይመጣል፣ አንተ ተነስተህ በሰው ጉልበት ላይ ተሻግረህ ትሄዳለህ፣ ታስነካለህ፣ ምግብህን ራስህ ይዘህ ትመለሳለህ። ሃያ ዶላር ለማያውቁት ሰው ይሰጣል። ካርድ ግን ማን ይሰጣል? ስልኩንስ ማን ያቀብላል?

አብሮኝ የሚሠራ ጓደኛዬን ይህን ሳወራው አልተዋጠለትም። «አንተ ደግሞ! ካርድ ይፈጥናል፣ አዟሪው ኪሱ ሙሉ ብር ይዞ ሲወጣ አይዘረፍም፣ መልስ ጠፋ የለ» አለኝ። ልክ ነው። በተለይ ስለ አዟሪው ያለው ልክ ነው። ያ ሰው ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፣ የደኅንነቱ ነገር ከእኔ ስሜት ይበልጣል። ግን ካርድ የሌለው ሰው አለ፤ ሽማግሌ አለ፣ ባንክ የማያውቅ አለ፣ እኛም አገሩ እንደገባን ሰሞን እንደዚያው ነበርን። ደግሞም ፍጥነቱ ምን ሊሆነን ነው? ቁጭ ብለን ነው እኮ የምንጠብቀው። ስታዲየም ውስጥ የማንም ሰው እጅ የማይነካ ምግብ ካገኘሁ፣ እሱንማ ትራኬ ውስጥም አለኝ።

ፍጥነት ካልኩ አይቀር ስለ ቢራም አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም እንደ ሹፌር ያንገበግበኛል። እኛ ወደ ሥራ ከመግባታችን በፊት ባሉት አራት ሰዓታት አልኮል መቅመስ አይፈቀድልንም። እኔ የምቀምሰው ሪሴቱ ሲጀምር፣ አንድ፣ እሱም ከምግብ ጋር ነው። ስታዲየሞች በልማድ ቢራ መሸጥ የሚያቆሙት ከዘጠኙ ኢኒንግ፣ ማለትም ከጨዋታው ዙሮች፣ በሰባተኛው አካባቢ ነው፣ ሰዉ ከመንዳቱ በፊት ትንሽ ይረጋጋ ተብሎ። በ2023 ኳስ ወርዋሪው በስንት ሰከንድ ውስጥ መወርወር እንዳለበት ሰዓት ተቆረጠለትና ጨዋታው በ24 ደቂቃ ገደማ አጠረ። ያኔ አንዳንድ ቡድኖች ሽያጩን እስከ ስምንተኛው አራዘሙት። የፊላዴልፊያው ወርዋሪ ማት ስትራም ተቃወመ፤ ጨዋታው ካጠረ ሽያጩ የሚቆምበትን ወደ ስድስተኛው ማምጣት ነው እንጂ እንዴት ወደ ስምንተኛው ይገፋል አለ። እጁን ብስመው ደስ ይለኝ ነበር። በ1974 ክሊቭላንድ ላይ ቢራ በ10 ሳንቲም ሸጠው ሰዉ ሜዳ ገብቶ ጨዋታው በፎርፌ ያለቀበትን ማታ የሚያስታውስ አገር ነው። ከዚያ ስታዲየም የሚወጣው መኪና ሌሊት እኔ ባለሁበት ሃይዌይ ላይ ነው የሚመጣው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ባልቲሞር ካምደን ያርድስ ስሄድ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ከስታዲየሙ ውጭ መንገዱ ላይ ኦቾሎኒና ውሃ የሚሸጡ ሰዎች ይቆማሉ። ከውስጡ ይረክሳል፣ ካሽ ይቀበላሉ፣ ይዘህ መግባትም ይፈቀዳል። እዚያ ትልቁን ከረጢት እገዛለሁ። የባለቤቴን ቆሎም በፕላስቲክ አድርጌ እይዛለሁ። ሁለተኛው ኢኒንግ አካባቢ ኦቾሎኒውን ከፍቼ ዘግኜ ከረጢቱን ለጎረቤቴ እሰጠዋለሁ፤ ለሚቀጥለው አሳልፍ ብዬ። መጀመሪያ ግር ይላቸዋል። ይሸጥልኛል እንዴ የሚልም አለ። ከዚያ አንዱ ይዘግናል፣ ሌላዋ ትዘግናለች፣ ከረጢቱ ይሄዳል። አንድ ቀን ከረጢቱ ዞሮ ሲመለስ ግማሽ ፓኬት ብስኩትና የልጅ ከረሜላ ተጨምሮበት መጣ። ቆሎውን ደግሞ አንዲት ሴትዮ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ገብስ ነው አልኳት፣ ሱፉን ለቅማ ጨረሰችው።

ትኬት ስገዛ አሁን የዳር ወንበር አልይዝም። የትራክ ሰዎች ዳር እንወዳለን፣ እግር ይዘረጋል፣ መውጫው ቅርብ ነው። እኔ ግን መሃሉን ነው የምፈልገው፣ ከሁለቱም ጫፍ የራቀውን።

የሚቀጥለው ሪሴቴ ሲንሲናቲ አካባቢ የሚውል ይመስላል። እዚያ ቺሊውን ስፓጌቲ ላይ አፍስሰው፣ በላዩ አይብ ከምረው ነው የሚበሉት። ጾም አይደለም፣ እቀምሰዋለሁ። እስከዚያው ካሽ የሚቀበል አዟሪ አሁንም ያለበትን ስታዲየም የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ትናንሽ ከተሞች ውስጥ ያሉት የታችኛው ሊግ ሜዳዎች ሊሆኑ ይችላሉ፣ ትራክ ማቆሚያ ካላቸው ደግሞ ይበልጥ ደስ ይለኛል። መንገዴን አዙሬ እመጣለሁ።